ኔጋቲቩ በማን እጅ ይቀራል? በሃርለሙ ፎቶ አንሺ ዙሪያ የተደረገ ክርክር

ፎቶ አንሺዎችና የፎቶግራፍ ወዳጆች በምንገናኝበት የውይይት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር (በአንድ ጥያቄ ሥር የሚደረደሩ መልሶች) ከታሰበው በላይ ረዝሞ 26 መልስ ደረሰ። መድረኩ ላይ በየቀኑ የሚጻፈው በአብዛኛው የካሜራ ዋጋና የሌንስ ንጽጽር ስለሆነ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ስለሆነው አንድ ሰው ይህን ያህል መጻፋችን እኔን ራሴን አስገርሞኛል። ከመላሾቹ አንዱ ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ የተባለውን ግን በተቻለኝ መጠን እንደነበረ እተርካለሁ።

ክሩን የከፈተው አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግና በማስታወቂያ ፎቶ የሚተዳደር ወጣት ነው። ያነሣው ጥቁር አሜሪካዊውን የፖርትሬት ፎቶ አንሺ ጄምስ ቫን ደር ዚን ሲሆን፣ ታሪኩን አሳምሮ አሳጥሮታል። ቫን ደር ዚ በ1886 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በማሳቹሴትስ ግዛት ሌኖክስ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ፤ በልጅነቱ የሽቶ ከረጢት ሸጦ በሽልማት መልክ ባገኘው ካሜራ ከሙያው ጋር ተዋወቀ፤ ቫዮሊንና ፒያኖ እየተጫወተ ሲተዳደር ከቆየ በኋላ፣ ኒውአርክ ከተማ ውስጥ በአንድ መደብር ፎቶ ክፍል የጨለማ ክፍል ረዳት ሆኖ ሠራ፤ በ1916 ደግሞ ኒው ዮርክ፣ በጥቁሮች ሰፈርነቱ በሚታወቀው ሃርለም ውስጥ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የሰፈሩን ሰው ሠርግ፣ ማኅበር፣ ቀብርና ጉርድ ፎቶ ሲያነሣ ኖረ። በ1969 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ስለ ሃርለም ባዘጋጀው ትልቅ ኤግዚቢሽን ላይ ምስሎቹ ሲሰቀሉ በ82 ዓመቱ ስሙ ወጣ።

ክርክሩን ያስነሣው ወጣቱ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው። ችሎታ ብቻውን የትም እንደማያደርስ፣ ቫን ደር ዚን ፎቶግራፈር ያደረገው ሙዚየሙ እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ሃምሳ ዓመታት ግን በሰፈር ፎቶ ቤት ውስጥ የባከኑ መሆናቸውን ጻፈ። በፎቶግራፍ ዓለም ብዝኃነት የሚባለው ነገርም የሚጀምረው ትልልቆቹ ተቋማት በራቸውን የከፈቱ ዕለት እንደሆነ ተናገረ፤ ለዚህም ታይለር ሚቸል በ2018፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ቢዮንሴን ለቮግ መጽሔት የሴፕቴምበር እትም አንሥቶ፣ በመጽሔቱ የ126 ዓመት ታሪክ የሽፋን ምስል ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ መሆኑን በማስረጃነት አቀረበ። በመጨረሻም ተቃራኒውን የሚያስብ ካለ እንዲያስረዳው በትሕትና ጠየቀ። ትሕትናው እስከ 15ኛው መልስ ድረስ ቆይቷል።

የመጀመሪያው መልስ ምስጋና ብቻ ነበር። ሁለተኛው የታሪክ እርማት ይዞ መጣ፤ ሚቸል የመጀመሪያ የሆነው በሽፋኑ እንጂ በመጽሔቱ የውስጥ ገጾች እንዳልሆነ፣ ጎርደን ፓርክስ በ1940ዎቹ ለዚያው መጽሔት የፋሽን ምስሎች ያነሣ እንደነበር አስታወሰ። በ1912 ካንሳስ ውስጥ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደው ፓርክስ የመጀመሪያ ካሜራውን የገዛው ዕቃ በመያዣነት እየተቀበለ ገንዘብ ከሚያበድር ሱቅ በ7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ በ1948 የላይፍ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆነ። መላሹ ለማለት የፈለገው፣ ከፓርክስ የቮግ ሥራ እስከ ሚቸል ሽፋን ድረስ ሰባ ዓመት ገደማ ማለፉን ነው። ቫኒቲ ፌር የተባለው መጽሔትም ሽፋኑን ለጥቁር ፎቶ አንሺ፣ ለዳሪዮ ካልሚስ፣ እስኪሰጥ 2020 ገብቷል። በሩ ተከፈተ ብለን ስናመሰግን ስንት ዘመን ተዘግቶ እንደኖረም አብረን እንድንቆጥር አሳሰበ።

በሦስተኛው መልስ የሥነ ጥበብ መምህር የሆነ ሰው ቫን ደር ዚን በሙሉ ልብ ማድነቅ እንደሚቸግረው ገለጠ። ምሳሌ ያደረገው በ1932 የተነሣውን ዝነኛ ምስል ነበር። ጥንዶች ራኩን ከሚባል እንስሳ ቆዳ የተሠራ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ይታያሉ፤ ወንዱ በሩ በተከፈተ ካዲላክ ውስጥ ተቀምጧል፣ ሴቷ ከውጭ ቆማለች፤ የመኪናው ብረት መስተዋት ይመስላል። በዚያ ዓመት አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል ነበረች፣ ሃርለምም ሥራ ፈትቶ ነበር። መምህሩ ታዲያ ይህ ፎቶ አንሺ የሰፈሩን ችግር የት ደበቀው ሲል ጠየቀ፤ ደንበኛን ደስ ማሰኘት ንግድ እንጂ ጥበብ አይደለም የሚል ሐሳብም አከለበት። ይህ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ክርክር የሚያነሣው ሌላው ሰው ምን እንደሚል ለማየት ይመስለኛል።

አራተኛውን መልስ የጻፉት ፒያሳ አካባቢ ለረጅም ዘመን ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ በመድረኩ ላይ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። እርሳቸው ስለ ሃርለም ከመናገራቸው በፊት በራሳቸው ፎቶ ቤት በር አጠገብ፣ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ስለኖረ አንድ ጥቁር ኮት ተረኩ። ኮቱ የደንበኞች ነበር። ልኩ ትልቅ ስለሆነ የቀጠነ ሰው ሲለብሰው ከኋላው ሰብሰብ ተደርጎ በልብስ መቆንጠጫ ይያዛል፤ ካሜራው የሚያየው የፊቱን ብቻ ነውና ምስሉ ላይ ልኩን ያሰፋ ሰው መስሎ ይወጣል። ከክፍለ ሀገር ለቀን ሥራ የመጣ ልጅ ያንን ኮት ለብሶ፣ ፏፏቴ በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ ይነሣና ምስሉን ለእናቱ ይልካል። ጋሼ እንደጻፉት ያ ልጅ የላከው ውሸት አልነበረም፤ ደህና መሆኑን የሚነግርበት ደብዳቤ ነው፣ እናትየዋም ኮቱ የማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

ስለ ኔጋቲቭ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ ስለሚታይበት ፊልም፣ ማሳመርም በሰፊው ጻፉ። ከሥሩ ብርሃን በሚገባበት ያዘመመ ሰሌዳ ላይ ኔጋቲቩ ይቀመጣል፤ እርሳሱ እንዲይዝለት ስሱ ቅባት ይቀባል፤ የእርሳሱ ጫፍ እንደ መርፌ ይሾላል፤ ከዓይን ሥር ያለው ጥላና የግንባር መስመር ላይ እንደ ነጠላ ሰረዝ ያሉ ጥቃቅን ጭረቶች ሲጫሩበት ያ ቦታ በወረቀት ላይ ሲታተም ይፈካል። አንድ ፊት ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሕጋቸው ግን ጥብቅ ነበር፤ ብጉር ይጠፋል፣ እናት የምታውቀው ጠባሳና ማርያም የሳመችው ምልክት ግን አይነካም። ቫን ደር ዚም የተጣመመ ጥርስ ያቃና፣ በኔጋቲቩ ላይ ጌጥ ይስል እንደነበር ሲያነቡ የሙያ ባልደረባቸውን ያገኙ ያህል እንደተሰማቸው ገለጡ። ጨምረውም በዕድሜ የገፉ ሴቶች በጎን መነሣትን እምቢ ይሏቸው እንደነበር አስታወሱ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነውና። የፎቶ ቤት ጥበብ የሚጀምረው ተነሺው እንዴት መታየት እንደሚፈልግ ከማዳመጥ ነው የሚለው ሐሳባቸው በክሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተጠቅሷል። እኔም በወጣትነቴ ሁለት ክረምት እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለነበር፣ ሳነበው የቅባቱ ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

አምስተኛው መልስ የጋሼን ሐሳብ ደግፎ አንድ ሌላ ምስል ጨመረ። በ1926 ቫን ደር ዚ አንድ ሙሽራና ሙሽሪትን አስቀምጦ ካነሣ በኋላ፣ ሁለት ኔጋቲቭ በማነባበር አሻንጉሊት የያዘች ትንሽ ልጅ ከእግራቸው ሥር እንደ ጥላ እንድትታይ አድርጎ አትሟል፤ ገና ያልተወለደችው ልጃቸው ናት ማለት ነው። በቀብር ፎቶዎቹም ላይ በተመሳሳይ ዘዴ መላእክትን ያወርድ ነበር። ጸሐፊው ይህን ሁሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ በእጁ የሠራ ሰው ነጋዴ ብቻ ነው ማለት እንደማይቻል ለሦስተኛው መላሽ በአክብሮት አስረዳ።

ስድስተኛው መልስ አክብሮቱን አቋረጠ። ጸሐፊዋ የሙሽራ ሜካፕ ባለሙያ ስትሆን፣ የእኛን ፎቶ ቤቶች እንዲህ በናፍቆት ማወደስ እንዳናደዳት አልደበቀችም። ያ የእርሳስ ጫፍ ብጉር ብቻ ሳይሆን መልክም ያጠፋ ነበር አለች። ጠይሟን ቀይ፣ ጥቁሯን ጠይም አድርጎ ማተም የተለመደ ነበር፤ ዛሬም አልበሙን የሚሠራው ልጅ ሳትጠይቀው የሙሽራዋን ፊት በኮምፒውተር ያቀላዋል፣ እጇን ግን ይረሳዋል፣ ስለዚህ ቀለበት ያደረገው እጅ የሌላ ሰው መስሎ ይቀራል። ብዝኃነትን በአሜሪካ መጽሔቶች ሽፋን ላይ ከመፈለጋችን በፊት በገዛ አልበሞቻችን ላይ እንድንፈልገው አሳሰበች። ጋሼም ከታች አንዲት መስመር ጽፈው ትክክል መሆኗን፣ ደንበኛው ቀላ አድርገኝ ሲል እርሳቸውም እንዳደረጉት አመኑ። ይህን ማመናቸው በእኔ ዘንድ ካከበርኳቸው በላይ እንዳከብራቸው አድርጎኛል።

ሰባተኛዋ መላሽ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር፣ በ1990ዎቹ በአንድ ሰዓት ፊልም አጥቦ በሚያስረክብ ላብራቶሪ ውስጥ የሠራች ሴት ናት። ማተሚያ ማሽኑ ላይ የቢጫ፣ የማጀንታ፣ የሳያንና የጥቁረት መጠን ቁልፎች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ማሽኑ የሚስተካከለው ሸርሊ ካርድ በሚባል ምስል ነው፤ በ1950ዎቹ በፊልም አምራቹ ኮዳክ ውስጥ ትሠራ በነበረች ሸርሊ በምትባል ሴት ስም የተጠራ፣ ነጭ ቆዳ ያላት ሴት የተነሣችበት ካርድ ነው። የእርሷ ፊት ልክ ከመጣ ማሽኑ ልክ ነው ተብሎ ሥራ ይጀመራል። አንድ ቀን የትምህርት ቤት የቡድን ፎቶ መጣላት፤ ከሃያ የማያንሱ ነጭ ልጆች መካከል አንዲት ሐበሻ ልጅ አለች፤ ማሽኑ በራሱ ያተመው ላይ ከልጅቱ ፊት የሚታየው ጥርሷ ብቻ ነበር። የጥቁረቱን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቀንሳ ስታትመው ልጅቱ ወጣች፣ ሌሎቹ ግን እንደ ወረቀት ነጡ። አለቃዋ የትኛው እንደሚላክ ሲጠየቅ የመጀመሪያውን መረጠ። ሁለተኛውን እርሷ በኪሷ ይዛ ወጣች፤ የልጅቱን ወላጆች ስለማታውቃቸው እስከ ዛሬ አላደረሰችውም። በክሩ ውስጥ ከተጻፈው ሁሉ እኔን ያስቆመኝ ይህ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አንብቤዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት መልሶች ወደ ቴክኒክ ገባ። ስምንተኛው መላሽ ቫን ደር ዚ የሠራው በጥቁርና ነጭ ስለሆነ የቀለም ካርዱ ጉዳይ እርሱን እንደማይመለከት አረመ። ዘጠነኛው አራሚውን አረመ፤ የጥንቱ ጥቁርና ነጭ ፊልምም ገለልተኛ አልነበረም። ለሁሉም ቀለም የሚሠራው ፊልም ከመስፋፋቱ በፊት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም፤ ቡናማ ቆዳ ደግሞ ከሚመልሰው ብርሃን ውስጥ የሚያመዝነው ቀዩ ስለሆነ ፊቱ ከእውነተኛው ይበልጥ ይጠቁራል። ስለዚህ ያን ዘመን ሃርለም ውስጥ ፊት ለማውጣት መብራቱን የት እንደሚያቆሙ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ የቫን ደር ዚ ፎቶ ቤት ጥበብም አንዱ ይህ ነው። ኮዳክን ጥቁር ቡናማን በደንብ የሚያወጣ የቀለም ፊልም ወደ መሥራት የገፋፉት የጥቁር ቤተሰቦች አቤቱታዎች ሳይሆኑ የቸኮሌትና የዕንጨት ዕቃ አምራቾች ቅሬታ እንደነበርም ይኸው መላሽ ጻፈ። ይህን ከዚህ በፊት የማያውቁ ብዙዎች እንደነበሩ ከተደረደሩት የመገረም ምልክቶች መገመት ይቻላል።

አሥረኛው ግን የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው በማለት ሁሉንም ተረበ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይታገላል፤ ነጭ ነጠላና ሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቆም ነጩን አይቶ ይደነግጥና ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ፊቷም ይጨልማል። መለኪያውን ፊቷ ላይ አስጠግቶ የለካ ወይም ከመለኪያው አንድ ስቶፕ ጨምሮ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ አድርጎ፣ ያነሣ ሰው ይህ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፋብሪካው ሳይሆን የሰነፍ ፎቶ አንሺ እንደሆነ ደመደመ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ አብሬ ሠርቻለሁ፤ እንደጻፈው ነው የሚሠራው። ሆኖም 11ኛዋ መላሽ ያቀረበችለትን ጥያቄ ሳይመልስ ቀረ፤ ሁልጊዜ በእጅ መስተካከል የሚያስፈልገው የአንዱ ወገን ፊት ብቻ ከሆነ፣ ማሽኑ ሲሠራ ማን እንደ ልክ ተወስዶ እንደነበር ግልጽ አይደለም ወይ የሚል ነበር። እርሷው የፖላሮይድን ታሪክም ጨመረች፤ የኩባንያው ፈጣን ካሜራ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች እንዲይዙት ለሚገደዱት የመታወቂያ ደብተር ፎቶ ማንሻ ይውል እንደነበር፣ ካሮላይን ሀንተርና ኬን ዊሊያምስ የተባሉ ሁለት የኩባንያው ጥቁር ሠራተኞች በ1970 ተቃውሞ እንደጀመሩ፣ ኩባንያውም በ1977 ከዚያ አገር እንደወጣ አወሳች። ጉርድ ፎቶ ሁልጊዜ ለእናት የሚላክ ደብዳቤ አይደለም ስትልም ወደ ጋሼ ታሪክ ተመለሰች።

በ12ኛው መልስ አንድ የታሪክ ወዳጅ ሃርለም ሲነሣ ዶክተር መላኩ በያን ሳይነሣ ማለፉን አልወደደም፤ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀው መላኩ በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን ማቋቋሙን፣ የሃርለም ሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለኢትዮጵያ ያሳየውን ፍቅር በአራት ረዣዥም አንቀጾች ዘረዘረ። ደስ የሚል ንባብ ነበር፣ ግን ስለ ፎቶግራፍ አንድ ቃል የለበትም። አወያዩ በ13ኛው መልስ በጨዋ ቋንቋ ወደ ርእሱ እንድንመለስ ጠየቀ።

14ኛው መልስ የእኔ ነው። የጻፍኩት ወጣቱ ባከኑ ስላላቸው ሃምሳ ዓመታት ነበር። ቫን ደር ዚ ሃርለም ውስጥ ያልታወቀ ሰው አልነበረም፤ በ1924 የማርከስ ጋርቬይ ንቅናቄ ሰልፎቹንና አባላቱን እንዲያነሣለት የቀጠረው እርሱን ነው፤ አብያተ ክርስቲያናት፣ የመረዳጃ ማኅበራትና የቀብር ቤቶች ደንበኞቹ ነበሩ። ሥራውን የገደለበት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሰው ሁሉ የራሱን ካሜራ መግዛቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያረጁ ፎቶዎችን በፖስታ እየተቀበለ በማደስ ነበር የሚኖረው። ሙዚየሙ ምስሎቹን በሰቀለበት በዚያው በ1969 ቫን ደር ዚና ባለቤቱ ከሚኖሩበት ቤት ተፈናቀሉ። ኤግዚቢሽኑ ራሱ የሃርለምን ሠዓሊዎች ሳያካትት በመቅረቱ በሙዚየሙ ደጃፍ ተቃውሞ ተነሥቶበት ነበር። ስለዚህ ተቋሙ ያገኘው ምስሉን እንጂ ሰውየውን አልነበረም፤ ሃርለም ደግሞ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰውየውን ያውቀው ነበር ብዬ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውንም ጨመርኩበት፤ ይህን ባልጨምር ይሻል ነበር።

ምክንያቱም ወጣቱ በ15ኛው መልስ በኃይል መለሰ። የሰፈር ፎቶ ቤትን የምናወድሰው ሰዎች የፎቶ ቤት ኪራይ የማንከፍል ሰዎች እንደሆንን ነገረን። እርሱ ሙያውን የተማረበት ፎቶ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ተዘግቶ የሞባይል ሽፋንና ቻርጀር መሸጫ ሆኗል፤ ባለቤቱን ያመሰገነም፣ ሥራውን የሰበሰበም የለም፤ ሰው በስልኩ ራሱን ስለሚያነሣ ለጉርድ ፎቶ እንኳ የሚመጣው ፓስፖርት ሲያስፈልገው ብቻ ነው። ታዲያ አንድ ሙዚየም ወይም አንድ መጽሔት ካልታደገው ያ ሽማግሌ በምን ይታወስ ሲል ጠየቀ። ለእኔ በግል የተናገረውን አልደግመውም፤ ጥያቄው ግን ልክ ነበር፣ አጥጋቢ መልስም አላገኘሁለትም። 16ኛው መልስ ስድብ ስለነበረበት አወያዩ ሰረዘው፤ ከመሰረዙ በፊት ያነበብነውም ብንረሳው ይሻላል።

ነገሩን ያበረደው 17ኛው ነው። ወጣቱ ከመሠረቱ እንዳልተሳሳተ የሚያስረዳ ታሪክ አመጣ። ፎቶ አንሺው ዳውድ ቤይ ገና ልጅ ሳለ ያንኑ የ1969 ኤግዚቢሽን ሊያይ ሄደ፤ በትልቅ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተራ ጥቁር ሰዎች ተሰቅለው አየ፤ ከዚያ በኋላ ሃርለም ወርዶ የራሱን ፖርትሬቶች አነሣ፣ በ1979ም እዚያው ሃርለም በሚገኘው ስቱዲዮ ሙዚየም አሳያቸው፤ ዛሬ በአሜሪካ ከታላላቆቹ አንዱ ነው። እንግዲህ በሩ ለቫን ደር ዚ ዘግይቶ ቢከፈትም ለልጁ በሰዓቱ ተከፍቷል። 18ኛው መላሽ ደግሞ ያንኑ በር አልገባም ያለ ሰው እንደነበረ አነሣ፤ በ1952 የጉገንሃይም ድጎማ ያገኘው የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶ አንሺ ሮይ ደካራቫ በኤግዚቢሽኑ ለመሳተፍ ፈቃደኛ አልነበረም። ደካራቫ በ1963 ካሞይንጌ የተባለውን የጥቁር ፎቶ አንሺዎች ቡድን በመጀመሪያ የመራ ሰው ሲሆን፣ ፊቶችን እንደ ጥቁረታቸው አድርጎ ያትም ነበር፤ ሥራው ፊት የቆመ ሰው ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ መጠበቅ አለበት። ለስድስተኛዋ መላሽ ብሶት ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

ከዚያ ወሬው ወደ እኛ ቤት ተመለሰ። 19ኛዋ አይዳ ሙሉነህን በምሳሌነት አቀረበች፤ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በ2000 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመርቃ፣ ለዋሽንግተን ፖስት ከሠራች በኋላ አገሯ ተመልሳ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታለች፤ በሌላው ደጃፍ ከመቆም ይልቅ የራሷን በር ሠራች። ኢትዮጵያ ተወልዶ ብሮንክስ ያደገው አወል እርዝቁም በ2017 ቢዮንሴን በአበባ መካከል አስቀምጦ ያነሣው የእርግዝና ብሥራት ምስል ዓለምን እንዳዳረሰ አስታወሰች፤ የትኛውም መጽሔት ሽፋን አላስፈለገውም። 20ኛው የነገሩን ግልባጭ አመጣ፤ እኛ አገር የነገሥታቱን ፖርትሬት ያነሡት የአርመኖቹ የቦያጅያን ቤተሰብ አባላት ናቸው፣ አባትየው ቤድሮስ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ከዚያም ልጆቹ። ታዲያ ጥቁር ንጉሥን ለማንሣት ጥቁር መሆን ያስፈልጋል ወይ ሲል ጠየቀ። 21ኛው በጥቂት ቃላት መለሰለት፤ ቦያጅያኖች እዚሁ አገር የኖሩ፣ የደንበኛቸውን ክብር ጠንቅቀው የሚያውቁ እንደነበሩ፣ ጥያቄው የቆዳ ብቻ ሳይሆን ፎቶ አንሺው ከተነሺው ጋር ነገም እዚያው ሰፈር ይገናኛል ወይ የሚል እንደሆነ ጻፈ። በዚህ እስማማለሁ።

22ኛው መላሽ፣ ጠበቃ ይመስለኛል፣ እስከዚያ ማንም ያላነሣውን አነሣ። የቫን ደር ዚ ስብስብ በሕይወት ሳለ ከእጁ ወጥቶ፣ በባለቤትነቱ ምክንያት ከስቱዲዮ ሙዚየም ጋር ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ክርክር ነበረው። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት በሰጠው ሰሞን፣ በግንቦት 1983፣ በ96 ዓመቱ ሲያርፍም ጉዳዩ ገና አልተቋጨም ነበር። በ2021 ሜትሮፖሊታንና ስቱዲዮ ሙዚየም 20,000 ገደማ ኅትመቶችንና 30,000 ገደማ ኔጋቲቮችን ያካተተውን ማኅደር በጋራ ተረከቡ። ለወጣቱ የመከረው ሽፋን ከመመኘቱ በፊት ከደንበኞቹና ከቀጣሪዎቹ ጋር በሚፈራረመው ውል ላይ ዋናው ፋይል የማን እንደሚሆን እንዲጽፍ ነው። ወጣቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር አመሰገነ።

23ኛው መልስ ከዚህ በፊት ጽፋ ከማታውቅ ሴት መጣ። አባቷ በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ፎቶ ቤት ነበራቸው፤ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። በእናቷ ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ በካርቶን የታጨቁ ኔጋቲቮች አሉ፤ አንዱን ስትከፍተው የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫዋን መታው፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ፣ ይጣሉ ወይ ይቀመጡ ስትል ጠየቀች። እንዲህ ያለ ፍጥነት በመድረካችን አይቼ አላውቅም። ጋሼና የሲልቨር ስፕሪንጓ እህት በአንድ ሰዓት ውስጥ በ24ኛውና በ25ኛው መልስ ተከታትለው ጻፉ። ሽታው የአሲቴት ፊልም መበስበስ ምልክት ነው፤ የሸተቱት ካልሸተቱት ቶሎ ይለዩ፣ ምክንያቱም ጤነኞቹንም ያፈጥኗቸዋል፤ ከላስቲክ ወጥተው በወረቀት ፖስታ ይቀመጡ፤ ቀዝቃዛ፣ ደረቅና አየር የሚገባበት ክፍል ይሁን፤ የተጠቀለሉትን በጉልበት ለማቃናት አይሞከር፤ ከሁሉ በፊት ግን የሸተቱት ኮፒ ይደረጉ። ጋሼ አንድ ነገር አከሉ፦ ፖስታዎቹ ላይ የተጻፈ ካለ ከኔጋቲቩ ተለይቶ እንዳይጣል።

በ26ኛው መልስ ሴትየዋ የአንዱን ፖስታ ምስል ለጠፈች። በአባቷ እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ የደንበኛው ስም፣ ተራ ቁጥር፣ በእኛ አቆጣጠር ቀኑና ጉርድ፣ ሦስት ቅጂ የሚል ተጽፎበታል። ስሙን ራሷ በጣቷ ሸፍናዋለች። ወጣቱ ስካነሩን ይዞ ለመሄድ ከተማዋ የት እንደሆነች በግል መልእክት እንድትነግረው ጠየቃት። ትናንት ማታ እንደነገረችን ካርቶኖቹ 11 ናቸው፤ የሸተቱትን መለየት የጀመረች ሲሆን ሦስተኛው ላይ ደርሳለች።